ቅጠል፣ እጅና ውሃ፦ የአረንጓዴ ሻይ ቅምሻ ታሪክ

በሙያ ዓለም ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የተሠራ ሥራ በምን ይመዘናል፣ መዛኙስ ማን ነው የሚል ነው። እህል በቁና፣ ጨርቅ በክንድ፣ ወርቅ በሚዛን ይለካል። በምላስና በአፍንጫ የሚታወቅ ነገር ግን መለኪያው ራሱ ሰው ስለሆነ፣ ፍርዱን ማጽናትም ሆነ ማፍረስ ቀላል አይሆንም። ከዚህ የተነሣ ጠጅ ጣዮች፣ ቡና ቀማሾችና ሻይ ነጋዴዎች በየአገራቸው፣ ከብዙ ዘመን ልምድ በመነሣት፣ የየራሳቸውን የፍርድ ሥርዓት አበጅተዋል።

ከእነዚህ ሥርዓቶች አንዱ በቻይና የተወለደውና በጃፓንም በሌላ መልክ የዳበረው፣ በእጅ ታሽቶ የተገመደ አረንጓዴ ሻይን በተከታታይ ውሃ የመቅመስ ልማድ ነው። አሠራሩ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። አንድ ቁንጥር ደረቅ ቅጠል ክዳን ባለው ትንሽ ስኒ ውስጥ ይደረጋል፤ የሞቀ ውሃ ይፈስበታል፤ ጥቂት ቆይቶ ውሃው ተጠልሎ ይጠጣል፤ በዚያው ቅጠል ላይ ሌላ ውሃ ይጨመራል፤ እንዲህ እየተባለ ሦስትና አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደጋገማል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በአንዱ ቡና ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ የሚጨመርበት ሥርዓት በየቤቱ ያለ ነውና። ልዩነቱ የቡናው ዱቄት በጀበናው ሆድ ከዓይን ሲሰወር፣ የሻዩ ቅጠል ግን በጠጪው ፊት ቀስ በቀስ እየተፈታ መሄዱ ነው።

ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ እንደ ባላባቶች ጨዋታ ወይም እንደ መነኮሳት ጽሞና ብቻ ሲተረክ ይሰማል። ታሪኩ በቅርብ ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይታያል። ተከታታዩ ውሃ የቅጠሉን ሠራተኛ እጅ የሚመዝን ሸንጎ ነበር። ይህ ሸንጎ በተዘለለበት ጊዜ ደግሞ ዓይን ብቻውን ፈራጅ ሆኖ፣ ነጋዴውም ሠሪውም ጠጪውም ለሐሰት ተጋልጠዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጥፍጥፍ ወደ ቅጠል

የቻይና ሰዎች ሻይን ከጥንት ጀምረው ቢያውቁትም፣ ቅጠሉን እንዳለ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ መጠጣት ዋነኛ ልማድ የሆነው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ8ኛው ክፍለ ዘመን፣ በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረውና ስለ ሻይ የመጀመሪያውን ታላቅ መጽሐፍ የጻፈው ሉ ዩ (733–804) የሚገልጸው ሻይ፣ ቅጠሉ በእንፋሎት ተቀቅሎ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ በቅርጽ ተጠፍጥፎና በእሳት ደርቆ የሚቀመጥ ነበር። ጠጪው ከጥፍጥፉ ቆርሶ፣ እንደገና በእሳት አሙቆ፣ ፈጭቶ፣ ጨው በገባበት ፍል ውሃ ውስጥ ያፈላዋል። ይሁንና የጣዕም ቅደም ተከተል ጉዳይ ያን ጊዜም ታስቦበት ነበር። ሉ ዩ ከአንድ ማሰሮ የሚቀዱት ስኒዎች እኩል እንዳልሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከኋለኞቹ እንደሚበልጡ፣ ከአምስተኛው በኋላ ደግሞ ጥም የጸናበት ካልሆነ በቀር መጠጣት እንደማይገባ ያስተምራል።

በሶንግ ሥርወ መንግሥት ጥፍጥፉ ሻይ የቅንጦት ጫፍ ላይ ደረሰ። በፉጂየን ግዛት በሚገኘው የቤተ መንግሥት የሻይ ስፍራ የሚሠራው ሻይ የዘንዶና የፊኒክስ ምስል እየታተመበት ለንጉሠ ነገሥቱ ግብር ሆኖ ይቀርብ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሁዊጾንግ ራሱ በ1107 ስለ ሻይ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ጥፍጥፉ እንደ ዱቄት ተፈጭቶ፣ በጥቁር ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በቀርከሃ መምቻ እየተመታ፣ ነጭ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይዘጋጃል። በዚህ አሠራር የቅጠሉ መልክ ፈጽሞ ጠፍቷል። ጠጪው የሚያየው አረፋውን እንጂ ቅጠሉን አይደለም፤ ዱቄቱም አብሮ ስለሚጠጣ ሁለተኛ ውሃ የሚባል ነገር አይኖርም።

ለውጡን በአዋጅ ያጸናው የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዡ ዩዋንዣንግ ነው። ይህ ሰው ከድሃ ገበሬ ቤት የተወለደ፣ ወላጆቹን በረሀብና በወረርሽኝ ዘመን ያጣ፣ ለጥቂት ጊዜም በገዳም ተጠግቶ የኖረ ነበር። በ1391 ለቤተ መንግሥት የሚገበረው ጥፍጥፍ ሻይ እንዲቀርና በምትኩ ለጋ እምቡጥና ቅጠል ብቻ እንዲቀርብ አዘዘ። ምክንያቱም ጥፍጥፉን መሥራት የሕዝቡን ጉልበት ከመጠን በላይ የሚያደክም መሆኑ ነበር። እርግጥ ነው፣ ልቅ ቅጠል ከዚያ በፊትም በሕዝቡ ዘንድ ይጠጣ ስለነበር አዋጁ ልማዱን ከምንም አልፈጠረውም። ይሁን እንጂ በመንግሥት ደረጃ ጥፍጥፉ ክብሩን ሲያጣ፣ የሠሪዎችም ሆነ የጸሐፊዎች ትኩረት ወደ ቅጠሉ ዞረ። የዚሁ ንጉሥ አሥራ ሰባተኛ ልጅ ዡ ቹዋን (1378–1448) ስለ ሻይ በጻፈው መጽሐፍ የጥፍጥፉን ጌጠኛ አሠራር ትቶ የቅጠሉን ተፈጥሯዊ ጣዕም ማሞገሱ የዘመኑን መንፈስ ያመለክታል።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ለውጡ ተጠናቆ ነበር። በ1610 በቤጂንግ ያረፈው ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ ማቴዮ ሪቺ በተወው ጽሑፍ፣ ጃፓኖች ሻይን ፈጭተው ከነዱቄቱ ሲጠጡ፣ ቻይናውያን ግን ቅጠሉን በፍል ውሃ ከዘፈዘፉ በኋላ ውሃውን ጠጥተው ቅጠሉን እንደሚተዉት ለይቶ ገልጿል። ያ የተተወ ቅጠል ነው እንግዲህ ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ የሚፈስበት።

የመዳፍ ሥራ

ቅጠሉ እንዳለ ይጠጣ ከተባለ፣ በውስጡ ያለው ጣዕም እንዴት ይውጣ የሚል የሙያ ጥያቄ ይከተላል። ያልታሸ ቅጠል የውጭ ገጹ ለስላሳና ጠንካራ ስለሆነ ጭማቂውን ለውሃ በቀላሉ አይለቅም። ከመጠን በላይ የተቀጠቀጠ ቅጠል ደግሞ ሁሉን በአንድ ጊዜ ይተፋል። ማሸትና መገመድ የሚባለው ጥበብ የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በ1313 ስለ ግብርና ታላቅ መጽሐፍ ያዘጋጀው ዋንግ ዠን፣ ቅጠሉ በመጠኑ በእንፋሎት ከተመታ በኋላ ገና እርጥብ ሳለ ቀለል ተደርጎ እንዲታሽና ሳያርር እንዲደርቅ ይመክራል። ሙያው ወደ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው ግን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዛሬ አንሁዊ በሚባለው ግዛት፣ በሺዩኒንግ አውራጃ በሚገኘው የሶንግሉዎ ተራራ ነው። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ዳፋንግ የተባለ መነኩሴ ቀደም ሲል በሱጆ አጠገብ ባለው በሁቺዩ ኮረብታ የሻይ አሠራር ተምሮ፣ ወደ ሶንግሉዎ መጥቶ ጎጆ ቀለሰ፤ ከአካባቢው ተራሮች ቅጠል እየሰበሰበ በብረት ምጣድ መቁላት ጀመረ። ሻዩ በአጭር ጊዜ ስም አወጣ፤ ዋጋውም ናረ። ብዙ ሳይቆይ የሶንግሉዎ ስም ከአንዱ ተራራ አልፎ የአንድ አሠራር ስም ሆነ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የጻፈው ወን ሎንግ ይህን አሠራር በዓይኑ አይቶ አስፍሯል። ቅጠሉ ሲቆላ ሌላ ሰው ከጎን ቆሞ ያራግብለታል፤ ከምጣዱ ወጥቶ በትልቅ የሸክላ ሳህን ላይ ሲዘረጋም ትኩሳቱ እንዲበርድ አሁንም በፍጥነት ይራገባል፤ ከዚያ በእጅ በርታ ተደርጎ ይታሻል፤ ተበትኖ ወደ ምጣዱ ይመለስና በዝግታ እሳት ይደርቃል። ወን ሎንግ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ መታሸቱ የቅጠሉን ጭማቂ ወደ ላይ ስለሚያወጣው ውሃ ሲፈስበት መዓዛውና ጣዕሙ በቀላሉ ይወጣል ይላል። ይህ አጭር ማስረጃ በዛሬው ዕውቀት ሲመዘንም ትክክል ነው። መታሸቱ የቅጠሉን ሕዋሳት በከፊል ይሰብራል፤ ከውስጥ የወጣው ጭማቂ በገጹ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል፤ በግምዱ እጥፋት ውስጥ የቀረው ደግሞ ተሸሽጎ ይቆያል። የመጀመሪያው ውሃ ከገጹ ላይ ያለውን ያጥባል፤ ተከታዮቹ የተሸሸገውን ይፈታሉ።

የመቁላቱም ምክንያት እንዲሁ ተገልጧል። በለጋ ቅጠል ውስጥ ያለው ኢንዛይም በሙቀት ካልተገታ ቅጠሉ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠቁራል፤ ይህም ወደ ጥቁር ሻይ የሚያመራ መንገድ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ ሻይ የሚሠራ ሰው ሁለት አደጋ በአንድ ጊዜ ይጠብቀዋል። ሙቀቱ ቢያንስ የቅጠሉ ጠርዝና ግንድ ይቀላል፤ ቢበዛ ያርራል። ምጣዱ በባዶ እጅ የሚማሰል እንደመሆኑ ሙቀቱን የሚለካው መዳፍ ነው። ከለጋ ቅጠል ክብደት ሦስት አራተኛ ያህሉ ወይም ከዚያም በላይ ውሃ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት እስከ አምስት ኪሎ እርጥብ ቅጠል መልቀም ያስፈልጋል። ያን ሁሉ ቅጠል በተለቀመበት ዕለት ቆልቶና ገምዶ መጨረስ የሌሊት እንቅልፍን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ዡ ዩዋንዣንግ የጥፍጥፉን ድካም ቢያስቀርም የሕዝቡ ድካም አልቀረም፤ ከሙቀጫው ወደ መዳፉ ተዛወረ እንጂ።

የኡጂ ገበሬ

የቅጠሉ መንገድ ወደ ጃፓንም ተሻገረ፤ በዚያ ግን የራሱን መልክ ያዘ። ጃፓኖች ከቻይና የወሰዱትን የሶንግ ዘመን ዱቄት ሻይ በሥርዓተ አምልኮ ክብር ጠብቀው ሲያቆዩ፣ ተራው ሕዝብ የሚጠጣው ቅጠል ግን ቡናማና ጥራቱ ዝቅ ያለ ነበር። በኪዮቶ አጠገብ፣ በኡጂ አካባቢ የኖረው ናጋታኒ ሶኤን (1681–1778) የተባለ ገበሬ ከረጅም ሙከራ በኋላ በ1738 አዲስ አሠራር አወጣ። ለጋውን ቅጠል በእንፋሎት መትቶ፣ ከታች ፍም ባለበት በወረቀት የተለበጠ ጠረጴዛ ላይ እያሸና እያንከባለለ፣ ቀስ በቀስ ሲያደርቀው ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነና ጥቁር አረንጓዴ ሆነ። ውሃ ሲፈስበት የሚሰጠው ቀለም ጥርት ያለ ነበር። ሶኤን ሻዩን ይዞ ወደ ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ተጉዞ በያማሞቶ ካሄይ መደብር በኩል መሸጥ ጀመረ፤ ሴንቻ የሚባለው የጃፓን ሻይ ዝናም ከዚህ ተነሣ።

የዚህ አሠራር ድካም ከቻይናው አያንስም። አንድ ሠራተኛ በጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ለሰዓታት ካሸ በኋላ የሚያገኘው ደረቅ ሻይ ከአንድ ኪሎ በታች ነው። በ1885 የጃፓን የፈጠራ ባለቤትነት ሕግ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ የሆነው ሐኪሙ ታካባያሺ ኬንዞ የሻይ ማዘጋጃ መሣሪያዎችን ያስመዘገበው፣ ይህን ድካም ለማቃለልና ምርቱን ለማብዛት ነበር። ከዚያ በኋላ መሣሪያው አብዛኛውን ሥራ ወሰደ። የእጅ ሙያው ግን አልጠፋም፤ ሺዙኦካን በመሰሉ የሻይ ግዛቶች በማኅበራት ተጠብቆ ዛሬም ይሰጣል።

ከአንደኛው እስከ አራተኛው ውሃ

የዚህን ሻይ ቅምሻ በዝርዝር ማየት የሥርዓቱን ዓላማ ግልጽ ያደርጋል። ለምሳሌ አራት ግራም ያህል የተቆላና የተገመደ ቅጠል፣ አንድ መቶ ሚሊ ሊትር በሚይዝ ነጭ የሸክላ ስኒ ይወሰድ። ቀማሹ አስቀድሞ ደረቁን ቅጠል ይመለከታል። ግምዱ የጠበቀና አንድ ወጥ ነው ወይስ ገሚሱ ቀጥኖ ገሚሱ ተበትኗል? የደቀቀው ብዙ ነው? ጠርዙ ላይ የማረር ምልክት አለ? ከዚያ ስኒውን በሙቅ ውሃ አሙቆ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ቅጠሉን ከጨመረ በኋላ ክዳኑን ይዘጋና ያሸታል። በምጣድ የተቆላ ጥሩ ሻይ በዚህ ጊዜ የተጠበሰ ለውዝ ወይም የተቀቀለ አተር የሚያስታውስ ሽታ ይሰጣል።

ለአንደኛው ውሃ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የበረደ ውሃ ይፈስና አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል። ውሃው ሲጠለል ፈዘዝ ያለ ቢጫ አረንጓዴ ነው። ጣዕሙ ቀለል ያለ፣ ጣፋጭነትና የሾርባ ዓይነት ሙላት ያለው ይሆናል፤ ግምዱ ገና አልተፈታምና። ለሁለተኛው ውሃ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ ቅጠሉ እርሶና ላልቶ ስለሚጠብቅ ውሃው ፈጥኖ ይገባበታል። ብዙውን ጊዜ ሻዩ ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው። ቀለሙ ይደምቃል፤ ምላስን የሚይዝ መጠነኛ ምሬት ይመጣል፤ ጥሩ ሻይ ከሆነ ምሬቱ ወዲያው ይለቅና ከጉሮሮ ላይ ጣፋጭነት ይመለሳል። ሦስተኛው ውሃ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈልጋል፤ ምሬቱ ይቀንሳል፤ የሚቀረው ለስላሳ ጣዕም ነው። ለአራተኛው ውሃ ሙቀቱም ጊዜውም ይጨመራል፤ ያም ሆኖ የሚገኘው እንደ ዝናብ ውሃ የሳሳ፣ ግን ንጹሕ መሰነባበቻ ነው።

በ1597 ስለ ሻይ የጻፈው ሹ ጽሹ ስለዚሁ ጉዳይ ጥብቅ አቋም ነበረው። አንድ ጀበና ሻይ ለሁለት ዙር ብቻ ይበቃል፤ የመጀመሪያው ትኩስና ጣፋጭ፣ ሁለተኛው የበሰለና የለሰለሰ ነው፤ በሦስተኛው ፍላጎት ያልቃል ባይ ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ጠጪዎች ግን በዪሺንግ ከተማ በሚሠሩት ትንንሽ የሸክላ ጀበናዎች እየታገዙ፣ ውሃውን ቀንሰውና ጊዜውን አሳጥረው ዙሩን አበዙት። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ግን አንድ ነው፤ አንድ ሻይ በአንድ ስኒ አይታወቅም።

ለምን ቢባል ስሕተት የሚገለጠው በቅደም ተከተሉ ስለሆነ ነው። ከመጠን በላይ የታሸ ቅጠል በአንደኛው ውሃ ጮኾ በሁለተኛው ባዶ ይሆናል። በቂ ያልታሸው አንደኛውም ሁለተኛውም ውሃ ላይ ሳይሞላ ያልፋል። ያረረው በመጀመሪያ እንደ መዓዛ ቢመስልም በሦስተኛው ላይ የጭስ ሽታው ብቻውን ይቀራል። በመጨረሻ ቀማሹ ያለቀውን ቅጠል በነጭ ሳህን ላይ ዘርግቶ ያየዋል። ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ የያዘው ቀንበጥ እንደ ተቀጠፈ ተመልሶ ይዘረጋል፤ የተቀደደው፣ የቀላው፣ ያረጀውና ከሌላ የተቀላቀለው ሁሉ በግልጽ ይታያል። ደረቅ ሳለ ግምዱ የሸሸገውን ውሃው ይፈታዋል።

የሃያኛው ክፍለ ዘመን ኬሚስትሪ ለዚህ ልማድ ማብራሪያ ሰጥቶታል። በ1929 ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሚቺዮ ጹጂሙራ ለምሬትና ለማጣበቅ ስሜት ምክንያት ከሆኑት ንጥረ ነገሮች አንዱን፣ ካቴኪንን፣ ከአረንጓዴ ሻይ ለይታ አወጣች። በ1949 ደግሞ ለሻዩ ጣፋጭነትና ሙላት የሚያግዘው ቲአኒን የተባለው አሚኖ አሲድ በጃፓን ተለየ። አሚኖ አሲዶች ለብ ባለ ውሃም ፈጥነው ይሟሟሉ፤ ካቴኪንና ካፌይን ግን ሙቀቱ ከፍ ባለ መጠን አብዝተው ይወጣሉ። ጣፋጩ ቀድሞ፣ መራራው ተከትሎ የሚመጣው፣ ውሃውም በረድ እንዲል የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ቀለም የተቀባ ሻይ

ይህ የፍርድ ሥርዓት ከሻዩ ጋር አብሮ ባሕር አልተሻገረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሲንግሎ እያለ የሚሸጠው አረንጓዴ ሻይ ስሙ የሶንግሉዎ ተራራ ስም ነው። በ1773 ዓመፀኞች በአሜሪካ በቦስተን ወደብ ወደ ባሕር ከጣሏቸው 340 ሣጥኖች መካከል 60ው ሲንግሎ፣ 15ቱ ደግሞ ሃይሰን የተባለው ሌላ አረንጓዴ ሻይ ነበሩ። ገዢዎቹ ግን ሻዩን የሚያውቁት በወራት ጉዞ ከደረሰ በኋላ፣ በአንድ ጊዜ በፈላ ውሃ አውጥተው፣ አብዛኞቹም ስኳርና ወተት ጨምረው ነው። በግዢ ጊዜ የሚመዝኑት የደረቁን ቅጠል መልክ ነበር፤ ደመቅ ያለና አንድ ወጥ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነ ሻይ ብልጫ ያለው ዋጋ ያወጣል።

ለዚህ ምኞት መልስ ተገኘለት። በ1844 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን በገበያ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሻይ በውሃ አጥቦ ዝቃጩን በማጉሊያ መነጽር ሲመረምር የፕሩስያ ሰማያዊ የተባለውን ቀለምና ጄሶን አገኘ። በ1848 ሮበርት ፎርቹን የተባለው ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ባለሙያ በቻይናዊ ልብስ ተሸሽጎ ወደ ሁዊጆና ወደ ሶንግሉዎ ተራራ ሲጓዝ፣ ለውጭ ገበያ በሚዘጋጀው ሻይ ላይ ቀለም ሲቀባ በዓይኑ አየ። ቀለሙና ጄሶው ተፈጭተው ሻዩ ለመጨረሻ ጊዜ በምጣድ ሲታመስ ይነሰነሱበታል፤ የሠራተኞቹም እጅ ሰማያዊ ሆኗል። በፎርቹን ስሌት፣ ከመቶ ፓውንድ ሻይ ጋር ጠጪው ከግማሽ ፓውንድ በላይ ቀለምና ጄሶ ይጠጣ ነበር። የቀለሙ ናሙና በ1851 በለንደን ታላቁ ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ታየ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳስበው ሠራተኞቹ ለፎርቹን የሰጡት ምክንያት ነው። እነርሱ ራሳቸው የተቀባውን ሻይ አይጠጡም፤ ነገር ግን የውጭ ሰዎች መልኩን ስለሚወዱና የተሻለ ዋጋ ስለሚከፍሉበት፣ ቀለሙም ርካሽ ስለሆነ፣ ለምን አንቀባም ነበር የሚሉት። በአገራቸው ገበያ እንዲህ ያለ ሻይ ለማቅረብ ምክንያት አልነበራቸውም፤ የአገሩ ጠጪ በነጭ ስኒ ደጋግሞ ውሃ እያፈሰሰ ቅጠሉን እስከ መጨረሻው ስለሚያይ፣ ሰማያዊው ቅባት ሊያታልለው አይችልም ነበርና። ዛሬ ያ ቀለም በራሱ ብዙም መርዛማ እንዳልሆነ ይታወቃል። ይህ ግን በደሉን አያጠፋውም። መካከለኛው ቅጠል የምርጡን ዋጋ ሲወስድ፣ ሌሊቱን ሙሉ በመዳፉ የገመደው እውነተኛ ሠሪ ከቀቢው እኩል ተቆጠረ።

በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ በአረንጓዴ ሻይ ላይ የነበረው እምነት ተናጋ። ይህም ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተዳምሮ የእንግሊዝን ገበያ ወደ ጥቁር ሻይ ገፋው። በአሳም በእንግሊዞች የተመሠረቱት እርሻዎች ምርት እየበዛ ሄደ፤ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የመገመጃ መሣሪያ የእጁን ሥራ ተካ፤ በ1880ዎቹ መጨረሻ ከሕንድ ወደ ብሪታንያ የሚገባው ሻይ ከቻይናው በለጠ። በ1930ዎቹ ደግሞ ቅጠሉን የሚቀጠቅጥ፣ የሚቀድና የሚያንከባልል መሣሪያ መጣ። በዚህ የሚዘጋጀው ደቃቅ ጥቁር ሻይ ያለውን ሁሉ በአንድ ውሃ እንዲሰጥ የታሰበ ነው። ሁለተኛ ውሃ የሚባለው ጥያቄ በዚህ ተዘጋ።

ሚዛኑ

የሻይ ንግድ በሰፋ ቁጥር የቀማሹ ፍርድ ወደ ሕግና ወደ ደረጃ ተለወጠ። አሜሪካ በ1897 ባወጣችው ሕግ ባለሙያዎች በየዓመቱ የናሙና ደረጃ እንዲወስኑና ከዚያ በታች የሆነ ሻይ ወደ አገር እንዳይገባ አደረገች፤ ይህ ሥርዓት እስከ 1996 ድረስ ቆየ። በ1980 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለቅምሻ የሚሆን ሻይ አዘገጃጀትን በቁጥር 3103 ደረጃ አወጣ፤ ለመቶ ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ሁለት ግራም ሻይ፣ በሸክላ ዕቃ፣ ለስድስት ደቂቃ። የቻይና ብሔራዊ ደረጃም ለአረንጓዴ ሻይ ሦስት ግራም በ150 ሚሊ ሊትር ለአራት ደቂቃ ይላል። ሁለቱም የተመሠረቱት በአንድ ውሃ ላይ ነው።

ይህ አሠራር የሚናቅ አይደለም። አንድ ቀማሽ በአንድ ጠዋት ብዙ ናሙና ሲቀርብለት፣ ሁሉም በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሙቀትና በአንድ ጊዜ ካልተዘጋጀ ፍርዱ አድልዎ ይሆናል። ጠንካራ ፈተናም ስለሆነ ስሕተትን አጋንኖ ያሳያል። ቀለም ቀቢዎችን ከገበያ ያስወጣው የመነኮሳቱ ትዕግሥት ሳይሆን፣ ይህን የመሰለ ቁጥጥርና የኬሚስቶች ምርመራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ነገር ግን ደረጃው የሚለካው ቅጠሉ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሰጥ እንጂ፣ ምን ያህል እንደሚጸና አይደለም። ለአንድ ውሃ የተሠራውና ለአራት ውሃ የተሠራው ሻይ በስድስት ደቂቃ ፍርድ ፊት ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ጮኹ የሚናገረው ሊያሸንፍ ይችላል። ስለዚህ በቻይናና በጃፓን ያሉ ጥንቁቅ ገዢዎች ከደረጃው ቅምሻ በኋላ ቅጠሉን አይደፉትም፤ እንደገና ውሃ ያፈሱበታል።

በ2022 ዩኔስኮ የቻይናን ባህላዊ የሻይ አዘገጃጀት ሙያና ከእርሱ ጋር የተያያዙትን ማኅበራዊ ልማዶች በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። መዝገብ ክብር ቢሰጥም ሙያን በሕይወት የሚያቆየው ግን ልዩነቱን ለይቶ የሚከፍል ገዢ ነው። ዛሬ አብዛኛው አረንጓዴ ሻይ በመሣሪያ ይታሻል፤ ከዚያም ውስጥ ጥሩ የሚባል ብዙ አለ። በእጅ የሚገመደው እየሳሳ የመጣው መዳፍ ስለጠፋ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ስኒ የሚፈርድ ገበያ ሁለቱን ለመለየት ጊዜ ስለማይሰጥ ጭምር ነው።

የሶንግሉዎ ታሪክ ለሻይ ሠሪ ብቻ የተነገረ አይመስልም። ሐኪምም፣ መሐንዲስም፣ መምህርም ሥራውን ለሚመዝነው ሰው ያስረክባል። መዛኙ መልክን ብቻ ካየ ሠሪው ቀለም መቀባትን ይማራል፤ መዛኙ ታግሦ ሁለተኛና ሦስተኛ ውሃ ካፈሰሰ ደግሞ ሠሪው መዳፉን ያሠለጥናል። የተገመደ ቅጠል በውስጡ የያዘውን በአንድ ጊዜ አይናገርም፤ ጠጪው ማንቆርቆሪያውን ዳግመኛ እስኪያነሣ ድረስ በስኒው ግርጌ ዝም ብሎ ይጠብቃል።